የሞተሩ ባትሪ

ይህን የምጽፈው ደረቴን ልነፋ አይደለም። ደረት የሚያስነፋ ነገር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼው፣ ሰሚ አሰልችቼ ነበር፤ ወሬዬን የማልደብቅ ሰው ነኝ። ይህንን ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለነበሩ አራት ሰዎች ተናገርኩት። እሱንም በወጉ አልተናገርኩትም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ አውቶቡሶች ጋራዥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ቅጽል ስሜ ሽቦ ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ለቅጥነቴ ይሁን ለሙያዬ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ጡረታ ስወጣ ከቤቴ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን ጠራርጌ ቦታ የጠበባቸው ዘመድ ወዳጆች መኪና የሚያቆሙበት አደረግኩት። ከሁሉም ትልቁ የእህቴ ነበር።

የእህቴ መኪና መኪና ብቻ አይደለም። ከፊት ሞተርና መሪ፣ ከኋላ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና ታጣፊ ጠረጴዛ ያለው፣ ተሽከርካሪም ቤትም የሆነ ነገር ነው። እኛ «ቤት መኪናው» እንለዋለን። ባሏ ቀያሽ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንኳን ውስጥ እያደሩ የሰው መሬት ሲለኩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ «አሁን ደግሞ ቤቴን በጎማ ላይ ጭኜ እዞራለሁ» ብለው ገዙት። አንድ ዓመት ዞሩበት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ግራ ጎናቸው ከዳቸው።

ጋሼ ነው የምላቸው። ከዚያ ወዲህ በከዘራ ይራመዳሉ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተቀመጡ ጋደም ማለት አለባቸው፤ መሪ መጨበጥ አይችሉም። እህቴ፣ እኔ እታለም እላታለሁ፣ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ትንሽ ሆኜ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ነበረች። በስድሳ አምስት ዓመቷ መንዳት ተማረች። ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። እኔ እንኳ ያኔ ከት ብዬ ስቄያለሁ፤ እሷ ግን መንጃ ፈቃዷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከፎቶዎቿ ጋር አስቀመጠችው።

ጋሼ አላመኑባትም። አጠገቧ ተቀምጠው ደህና እግራቸው የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል። «ቀስ፣ ቀስ፣ ኧረ ቀስ በይ!» ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ከዚያ በላይ ቀስ ብትል መቆሟ ነው። በዚህ መሀል ልጃቸው የሁለት ቀን መንገድ ርቃ በምትኖርበት ከተማ ወለደች። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ ጋሼ ያን ያህል መቀመጥ አይችሉም። ያለ ቤት መኪናው የልጅ ልጃቸውን በስልክ ስክሪን ብቻ ነው የሚያውቁት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሼ ቁርጡን ተናገሩ። «ክረምቱን በደህና አሳልፈሽ፣ በቀጠሮው ቀን ካስነሣሽው እንሄዳለን። አለዚያ ለፋርማሲስቱ እሸጠዋለሁ። ሰውየው በየሳምንቱ እየጠየቀኝ ነው።» ፋርማሲስቱ ጎረቤታቸው ነው።

እታለም መኪናውን ራሷ ነድታ መጋዘኔ ውስጥ ስታስገባው በእጇ አንድ በፕላስቲክ የታሸገ ትንሽ ካርቶን ይዛ ነበር። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብባ፣ በእርሳስ አስምራበት ነው የመጣችው።

«ስማኝማ፣» አለችኝ። «ሁለት ባትሪ ነው ያለው። አንዱ ከኋላ ለቤቱ፣ አንዱ ከፊት ለሞተሩ። ግድግዳው ላይ የምንሰካው ገመድ የኋላውን ብቻ ነው የሚሞላው ይላል። የፊቱ ደግሞ ቆሞም ይበላል፤ የሌባ ደወሉ፣ ሰዓቱ፣ ምኑ… ስለዚህ ይቺን ትንሽ ቻርጀር ለሞተሩ ባትሪ ለብቻዋ ስካልኝ። ክረምቱን ሙሉ ተሰክታ ብትውል ብታድር አትጎዳውም፤ ራሷ ታውቃለች።»

ለቡና ጠጪ ጓደኞቼ እንኳ አልናገረውም፣ ግን ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ነበር። እኔን? ባትሪ? ከአጥር ወዲያ ያለው ጎሚስታ የጎማ መፍቻውን ይዞ ቆሞ ያዳምጠናል።

«እታለም፣» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እሱም እንዲሰማ፣ «መቶ አሥር አውቶቡስ በየጠዋቱ ያስነሣሁ ሰውዬ ነኝ። አንቺ መንጃ ፈቃድሽ ላይ ያለው ቀለም ሳይደርቅ ባትሪ ልታስተምሪኝ መጣሽ?»

ጎሚስታው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ ካርቶኗን ግን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «እንዳትረሳት» ብላኝ ሄደች። እኔም ካርቶኗን አንሥቼ ከቀለም ጣሳዎቹ ጀርባ ወሸቅኋት። አልረሳኋትም። እዚያ መሆኗን በደንብ አውቅ ነበር።

በኛ ጋራዥ ባትሪ የሚፈተሸው በዓይን ነበር። መቶ አሥር አውቶቡስ ላይ በየጠዋቱ መለኪያ እየሰካህ አትዘልቀውም። ትገባለህ፣ የውስጡን መብራት ታበራለህ፣ ቀና ብለህ ታያለህ። መብራቱ ነጭ ከሆነ ይነሣል፣ ቢጫ ከሆነ ባትሪው ይወርዳል። በሠላሳ አንድ ዓመት ዓይኔ አንድ ቀን አታሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ረጅሙን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰክቼ፣ በየቅዳሜው ቤት መኪናው ውስጥ እገባለሁ፣ ከአልጋው በላይ ያለውን መብራት አበራለሁ፣ ቀና እላለሁ። እንደ ወተት ነጭ ነው። አጥፍቼ እወርዳለሁ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ አደረግኩ፤ አንድ ቅዳሜ እንኳ አልዘለልኩም። ሰነፍ ነበርኩ የሚል ቢመጣ እከራከረዋለሁ፤ ሰነፍስ አልነበርኩም።

በመሀል እታለም አንድ ጊዜ መጣች። «ያቺን ነገር ሰካሃት?» አለችኝ።

«ሁሉም እጄ ላይ ነው፤ አንቺ ተረጋጊ።»

«የሞተሩን ኮፈን ክፈትልኝና ልያት።»

«ልብስሽ ይቆሽሻል። ነይ ይልቅ፣» አልኩና ወደ ውስጥ አስገብቼ መብራቱን አበራሁላት። «ይኸው! ይሄ የሞተ ባትሪ ይመስላል?»

ቀና ብላ አየችው። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰችና ተወችው። ታናሽ ወንድሟን በሙያው መጠየቅ ከብዷት ይሆናል። እኔ ግን ያሸነፍኩ መስሎኝ በሩ ድረስ ሸኘኋት።

የጉዞው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘኑን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። እታለም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ መነጽሯን አድርጋ መሪው ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ከአጠገቧ ተቀምጠዋል። ከኋላ ለሕፃኑ የተገዛ ዕቃ በስስ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ፋርማሲስቱና ሚስቱ ሊሸኙ መጥተዋል፤ ለመሸኘት ይበል እንጂ ሰውየው ዓይኑ ጎማው ላይ ነበር።

ቁልፉን አዞረችው። ጠቅ አለ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ እሱም ቀረ።

እኔ ሳቅሁ። «ማርሽ ውስጥ ትተሽው ይሆናል» አልኩ። ማርሹን አሳየችኝ፤ ነጻ ነው። አሁንም እየሳቅሁ ኮፈኑን ከፍቼ መለኪያዬን አገናኘሁ። ሰባት ቮልት ይላል። አሥራ ሁለት ተኩል ማለት የነበረበት ባትሪ ሰባት።

ያኔ ገባኝ። በየቅዳሜው ቀና ብዬ የማየው መብራት የሚበራው በኋላው፣ በቤቱ ባትሪ ነበር። አውቶቡስ ላይ መብራቱም ሞተሩም ከአንድ ቦታ ነው የሚጠጡት፤ እዚህ ግን ሁለት ናቸው። የኋላው በገመዱ እየጠገበ ሲያበራልኝ፣ የፊቱ አራት ወር አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ አለቀ። መጽሐፉ እንዳለው። እሷ እንዳለችኝ። ኮፈኑ ፊቴን ስለሸፈነልኝ አመሰገንኩ፤ ጆሮዬ ድረስ ሲግል ይታወቀኛል።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሼ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው።

«ባትሪው ወርዷል።»

እታለም ወርዳ አጠገቤ መጣች። ድምፅዋ ውስጥ ክስ አልነበረም፤ ነገሩን ደረጃ በደረጃ የምታጣራ ሰው ድምፅ ነበር። «ያቺን ቻርጀር ሰክተሃት ነበር አይደል?»

ፋርማሲስቱ ያየኛል። ሚስቱ ታየኛለች። ጎሚስታው ሳይቀር በአጥሩ ቀዳዳ ያየኛል። «አልሰካኋትም» ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር።

«ሰክቻት ነበር እንጂ!» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ማንም ሳይጠይቀኝም ጨመርኩበት፦ «ትናንት ማታ ነው የነቀልኳት፣ ለጉዞው ብዬ።»

«እንግዲያው አንቺ ነሻ!» አሉ ጋሼ። «ልታቆሚው ስትመጪ የሆነ ነገር ሳታጠፊ ወርደሻል።»

«ሁሉንም አጥፍቻለሁ።»

«ሬዲዮውን?»

«አጥፍቻለሁ…» አለችና ቆም አለች። «አጥፍቻለሁ መሰለኝ።»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ሽቦ፣ ሬዲዮ ሳይጠፋ ቢቀር ባትሪ ይጨርሳል?»

«ይጨርሳል።»

«ቻርጀር ተሰክቶም?»

«ትንሽ ቻርጀር ናት፤ ላታሸንፈው ትችላለች።»

ይህ በሙያ ደረጃ እውነት ነው። ሬዲዮው ግን አልበራም ነበር፤ በመጣችበት ቀን አጥፍታው ሁለት ጊዜ ተመልሳ ስታረጋግጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ያኔ አሹፌባታለሁ።

በሌላ መኪና ባትሪ አገናኝቼ ላስነሣው አልኩ፤ የፋርማሲስቱ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፣ ሽቦውም አለኝ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ጋሼ ግን ከዘራቸውን ይዘው እየወረዱ ነበር። «ዛሬ እዚህ አንተ አለህ። ነገ ጭው ያለ ሜዳ ላይ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ፣ ማን አለ? ሬዲዮ ማጥፋት የምትረሳ ሴት ፍሬን መያዝስ ብትረሳ?» አሉ። ከዚያ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረው «የዛሬ ሳምንት ና፤ እንነጋገራለን» አሉት።

እታለም ቁልፉን አውጥታ በባሏ እጅ ላይ አስቀመጠችው። የሕፃኑን ዕቃ ከኋላ እያወጣች ስትሸከም ላግዛት ሄድኩ፤ «ተው፣ ቀላል ነው» አለችኝ።

ይህን እስከዚህ ድረስ ፈሪነት ነው በሉት። የቀጣዩን ቀን ሥራዬን ግን ምን እንደምለው አላውቅም። ባትሪውን በትልቁ ቻርጀሬ አስሬ ስውል ነፍስ ዘራ፤ ደህና ባትሪ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቀለም ጣሳዎቹ ጀርባ ካርቶኗን አወጣሁ። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ጎኑ ላይ በማርከር «መጀመሪያ ቀዩን» ብላ ጽፋበታለች። ቀደድኩት። ገመዷ ከፋብሪካ እንደወጣች ተጠቅልላ በቀጭን ሽቦ ታስራለች፤ ፈትቼ የእጥፋቱ ምልክት እንዲጠፋ በጣቶቼ አሸሁት። የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ ነክቼ አዲሱን ላስቲክ አቆሸሽኩት፤ አቧራ ነሰነስኩበት። ካርቶኑን አቃጠልኩት። ከዚያ ቻርጀሯን የሞተሩ ባትሪ ላይ ቆንጥጬ አረንጓዴ መብራቷ እስኪበራ ቆሜ ጠበቅሁ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሥራ ላይ ሳለሁ እንኳ አድርጌ አላውቅም። አራት ወር ሙሉ አሥር ደቂቃ ያልሰጠኋት ዕቃ ላይ አንድ ከሰዓት ሙሉ ጨረስኩ።

ሐሙስ እታለም መጣች። ቤት መኪናው ከመሸጡ በፊት ዕቃዋን ልታወጣ ነው። ብርድ ልብሶቹን፣ ኩባያዎቹን፣ ያሰመረችበትን መጽሐፍ በከረጢት ከታ ስትጨርስ «ኮፈኑን ክፈትልኝ» አለችኝ።

ከፈትኩላት። ቻርጀሯን አየቻት፤ አረንጓዴውን መብራት፣ የቆሸሸውን ገመድ። ጎንበስ ብላ ቆንጣጩን በጣቷ ነካችው። ዘይቱ ጣቷን አጠቆረው። የነቃችብኝ መሰለኝ።

ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይቅር በለኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጠርጥሬህ ነበር። ይኸው አምስት ቀን በሆዴ ስሰድብህ ከረምኩ። አልሰካትም፣ ዋሽቶ ነው፣ እኔን አሳልፎ ሰጠኝ እያልኩ። የገዛ ወንድሜን!» ጣቷን በመሀረቧ ጠረገች። «እናታችንን ታስታውሳለህ? መጀመሪያ ምድጃ ላይ ድስት መርሳት ነበር። ከዚያ በር። ከዚያ እኔን። እኔ ደግሞ ሬዲዮውን ማጥፋቴን እንዲህ በዓይኔ ይታየኛል፤ እጄ ሲያዞረው ይታየኛል። እንዲህ እየታየኝ ካላጠፋሁት ጭንቅላቴ ጀምሮታል ማለት ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ምድጃውን በቀን አሥር ጊዜ እየተመለስኩ አያለሁ። ለማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ። ለጋሼህ አልነገርኩትም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የሚባለው ነገር ለወሬ ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እግሬ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ከልቤ አየሁት። ተናገር አልኩ ለራሴ። አሁን ተናገር፣ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፣ ማንም የለም።

«ምንም አይደለም» አልኳት።

ይቅርታዋን ተቀበልኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ፣ ከረጢቷን ተሸክማ ሄደች። እኔ ኮፈኑን እንደከፈትኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልዋጥ አለኝ። አርብ ሁለት ጊዜ ስልክ አንሥቼ ዘጋሁት። ስለ ሬዲዮው ብቻ ልነግራት፣ «አሁን ትዝ አለኝ፣ አጥፍተሽው ነበር» ልላት አሰብኩ፤ ካርቶኑን ሳላነሣ። እንዲህ ያለ ሰው ሆንኩ፤ ከእውነቱ ላይ የሚጠቅመኝን ቆርጬ ልወስድ የምፈልግ። ቅዳሜ ግን ፋርማሲስቱ ሊመጣ ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ ሐኪሙ። ቅዳሜ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ስደርስ ተቀምጠዋል። ጋሼ በሚወዱት ወንበር፣ ፋርማሲስቱና ሚስቱ ሶፋው ላይ፣ ቁልፉ መሀል ጠረጴዛው ላይ። እታለም ሻይ ይዛ ከወጥ ቤት እየወጣች ነበር። ከበሩ አላለፍኩም። ጋሼን አይቼ፣ ቶሎ ካልጨረስኩት የማልጨርሰው ስለመሰለኝ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ቻርጀሯን አልሰካኋትም። አራት ወር ሙሉ ከካርቶኗ አላወጣኋትም። የውስጡን መብራት እያየሁ ደህና ነው አልኩ፤ መብራቱ የሌላ ባትሪ ነው። ሬዲዮው ጠፍቶ ነበር፣ አይቻለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ዋሸሁ። እሑድ ደግሞ ቻርጀሯን አቆሽሼ፣ ክረምቱን ሙሉ ተሰክታ የነበረች አስመሰልኳት።»

የሻይ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ትንሽ ተንቀጨቀጩ። ቁጣ ጠበቅሁ። ከዘራ ጠበቅሁ፤ ቢወረውሩብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ ሳቁ።

ክፋት የሌለበት፣ ሆዳቸውን የሚያነቃንቅ ሳቅ። «አይ ሽቦ! አይ ሽቦ! የአውቶቡሱን ዘዴ ለቤት መኪና? እንዲያው አንተ!» ደህና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «በል ና፣ ምን እዚያ ቆመሃል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው አንድ ቀን ቢስት ምን አለበት? ሰው ነው።»

«ኧረ ያጋጥማል» አለ ፋርማሲስቱ። «እኔ ራሴ ስንት መድኃኒት መደርደሪያ አሳስቼ አስቀምጣለሁ።»

«ደግሞ መጥቶ መናገሩ!» አለች ሚስቱ። «ስንት ሰው ነው እንዲህ ደፍሮ የሚናገር?»

«ወንድ ነው!» አሉ ጋሼ። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ሻይ ስጪው እንጂ።»

ሳምንት ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ጋሼ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲያውም፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ፈገግ ብያለሁ።

እታለም ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለማንም አልሰጠችም። ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ መጨረሻ ላይ ባሏን።

«አንድ ደቂቃ አልፈጀባችሁም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ አላጠፋሽም የተባልኩት ሬዲዮ ቁልፌን አስወስዶኛል። እሱ ዋሽቶ፣ አስመስሎ፣ ይኸው ሻይ ስጪው ተባለለት።»

«አሁን ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሼ። «ነገሩ ተጣራ እኮ! ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ ታወቀ፤ ደስ ሊልሽ ይገባል።»

እሷ ጎንበስ ብላ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። «አይሸጥም» አለችው ፋርማሲስቱን። እሱም ሚስቱን አየ። «ሰኞ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች ለባሏ። «መምጣት ከፈለግህ ልብስህን አሰናዳ። ከመጣህ ግን አጠገቤ ሆነህ ፍሬን አትረግጥም፤ ከኋላ አልጋው ላይ ትተኛለህ።»

በአርባ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ተናግራቸው የምታውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

«እና ተቀመጥክ?» አለችኝ።

ነጠላዋን ከበሩ ጀርባ አንሥታ ወጣች። መኪናዋን ልታወጣ ወደኔ መጋዘን እንደሄደች አውቄያለሁ። ተነሣሁ፤ ግን አልተከተልኳትም።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ ጋሼ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። «ምን አጠፋን? ሁሉንም ነገርከን፣ እኛም ይቅር አልንህ፤ ሌላ ምን ቀረ?»

የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ስመልስ የኖርኩ ሰው፣ ያን ጊዜ የማውቀውን ለመናገር ረጅም ሰዓት ፈጀብኝ።

«ይቅርታው የእርስዎ አልነበረም፣ ጋሼ» አልኩ። «የተበደለችው እሷ ናት። እርስዎም አልጠየቋትም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።»

እውነት ነው። ያን ሁሉ ስናገር፣ አፌን ከከፈትኩ ጀምሮ ቁጭ እስክል ድረስ፣ ፊቴን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እህቴ አላዞርኩም ነበር።